መንገዱ ሰፍቶም ለምን ይዘጋል?

(ጎንደር ላይ ለነዋሪዎች፣ ለሹፌሮችና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ! እንዴት ዋላችሁ? አባቶች፣ እናቶች፣ ደኅና ናችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ባዶ ወንበር አለ። ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

መጀመሪያ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ቀጥሎ ሹፌሮቻችንን። ሚኒባስና ባጃጅ አቁሞ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ የዕለት ገቢን መተው ነው። ይህን ስለማውቅ ጊዜያችሁን በከንቱ አልወስድም።

ዛሬ የማወራው ስለ መኪና መንገድ ነው። ጠዋት ወደ ትልቅ ከተማ በመኪና ስለመግባት፣ ማታ ከከተማ ስለመውጣት፣ መሀል ላይ ቆሞ ስለሚባክን ዕድሜ ነው። «ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ ቢበዛ የአዲስ አበባ ጣጣ ነው፤ ጎንደርን ምን አገባት?» የሚል ይኖራል። ያገባታል! በጣም ያገባታል! አንዴ የተዘጋጋ ከተማ የቀረው ማስታመም ብቻ ነው። ገና ያልተዘጋጋ ከተማ ግን መምረጥ ይችላል። ጎንደር ገና መምረጥ ትችላለች። ለዚህ ነው የመጣሁት።

ለማታውቁኝ፣ የአዘዞ ልጅ ነኝ። ልጅ ሳለሁ አዘዞ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ «ጎንደር ልሄድ ነው» ብላ ነበር ነጠላዋን የምታነሳው። በኋላ ኑሮ ወሰደኝና አሜሪካ ገባሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዉድብሪጅ በምትባል ከተማ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ሥራዬ ግን ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ነበር። ዋሽንግተን የደረሰ ሰው ያውቃል፤ የመኪና ማቆሚያ ሥራ ብዙ የአገራችን ሰው ያለበት ነው። እኔም እዚያው ጀመርኩ። ማታ ማታ ተማርኩና የትራንስፖርት ዕቅድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለት በኩል አይቼዋለሁ። መሪ ይዤ እንደቆመ ሰውም፣ ካርታና ቁጥር ይዤ እንደተቀመጠ ሰውም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ መንገድ እንዴት እንደሚዘጋ። ሁለተኛ፣ መንገድ ስናሰፋው ለምን ተመልሶ እንደሚዘጋ። ሦስተኛ፣ የኛን ከተማ፣ በተለይም የአዘዞን መንገድ። መሀል ላይ ወደ ጎን ወጣ ካልኩ ታገሱኝ፤ ተመልሼ እመጣለሁ።

ከአንደኛው ልጀምር።

ከዉድብሪጅ ወደ ዋሽንግተን የሚያስገባው አይ-95 የሚባለው መንገድ ነው። ከአሜሪካ ሰሜን ጫፍ ከሜይን ተነስቶ እስከ ፍሎሪዳ የሚወርድ ትልቅ የፍጥነት መንገድ ነው። ሌሊት ባዶውን ሲሆን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ጠዋት ግን ሰዓት ተኩል ይሆናል። አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት። ዝናብ ከጣለማ አይነሳ። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል። ጨለማ ሳይገፈፍ ከተማ ይደርስና ሥራ እስኪከፈት መኪናው ውስጥ ወንበሩን ዘርግቶ ይተኛል። እኔ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በየጠዋቱ መስኮቱ በጉም የተሸፈነ መኪና አይ ነበር። ውስጡ ሰው አለ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ደመወዙ ከኔ ብዙ እጥፍ የሆነ ሰው። ተኝቷል። ቤቱ ትልቅ አልጋ አለው፤ እሱ ግን መኪና ውስጥ ይተኛል። ይህ ነው ሀብት? ይህ ነው ሥልጣኔ? እስቲ ንገሩኝ።

ታዲያ መንገዱ የሚዘጋው ለምንድን ነው? አብዛኛው ሰው «አደጋ አለ ማለት ነው» ይላል። «ፊት ለፊት የሆነ ነገር ተበላሽቶ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ተንቀራፍፋችሁ፣ ተንቀራፍፋችሁ፣ የተዘጋው ቦታ ላይ ስትደርሱ ምንም የለም! አደጋ የለም። የቆመ መኪና የለም። መንገዱ ዝም ብሎ ይከፈታል። ይህ ያጋጠማችሁ እጃችሁን አንሱ። ያውላችሁ፤ ሹፌሮቹ በሙሉ።

የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ አሳይተዋል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ 22 መኪና አሰለፉ። መብራት የለም። መስቀለኛ የለም። እግረኛ የለም። «ሁላችሁም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ንዱ፤ ርቀታችሁን ጠብቁ» አሏቸው። ለጥቂት ጊዜ በደኅና ዞሩ። ከዚያ አንዱ ትንሽ ፍሬን ነካ አደረገ። ከኋላው ያለው ትንሽ ጠንከር አድርጎ ያዘ። የሱ ተከታይ ደግሞ ከሱ ባሰ። ከኋላ ያሉት ጥቂት መኪኖች ጭራሽ ቆሙ። መጨናነቁ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ። መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል፤ መጨናነቁ ወደ ኋላ ይሄዳል። ማንም አላጠፋም። መኪናው ለመንገዱ በዝቶ ስለነበር ብቻ ነው።

ሹፌሮች፣ ከዚህ አንድ ነገር ውሰዱልኝ። ፊት ካለው መኪና ጋር ተጣብቆ መንዳት አያስቀድምም። ርቀት ስትጠብቁ የፊተኛው ፍሬን ሲይዝ እናንተ እግራችሁን ከነዳጅ ማንሳት ብቻ ይበቃችኋል። ማዕበሉ እናንተ ጋ ይሞታል። ከኋላችሁ ያለ ሰው ሁሉ ያተርፋል፤ ማን እንዳተረፈለት ባያውቅም።

ይህ ስለ አንደኛው ይበቃል። ሁለተኛው ነው ዋናው። እዚህ ላይ ጊዜ ልወስድ ነው።

መንገድ ሲጨናነቅ የመጀመሪያው ሐሳብ ምንድን ነው? «እናስፋው!» እናንተም ትላላችሁ፤ እኔም እል ነበር። ሁለት መስመር ካልበቃ አራት፣ አራት ካልበቃ ስምንት። ሲሰሙት ልክ ነው። ግን ዓለም ይህን ሞክሮታል። አንዴ አይደለም፣ ደግሞ ደጋግሞ ሞክሮታል።

ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ ውስጥ ኬቲ የሚባል የፍጥነት መንገድ አለ። 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥተው አሰፉት። ሥራው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በጣም ሰፊ በሆነበት ቦታ ላይ የጎን መንገዶቹ ተጨምረው ስፋቱ 26 መስመር ደርሷል። ሃያ ስድስት! በዓለም ላይ ካሉት ሰፋፊ መንገዶች አንዱ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀለለ። ሁሉም አጨበጨበ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን በመግቢያና በመውጫ ሰዓት የሚፈጀው ጊዜ እንደገና እየረዘመ ሄደ።

ለምን? ሠርግ ደግሳችሁ ታውቃላችሁ። ዳሱን አስፍታችሁ ስትተክሉ፣ «ቦታ አይኖርም» ብሎ ሊቀር የነበረው ሰው ሁሉ ይመጣል። መንገድም እንዲሁ ነው። መስመር ስትጨምሩ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። ማለዳ ይወጣ የነበረው «ምን አነሳኝ፣ መንገዱ ሰፍቷል» ብሎ ከሁሉም ጋር በአንድ ሰዓት ይወጣል። በሌላ መንገድ ይዞር የነበረው ወደዚህ ይመጣል። በባቡር ይሄድ የነበረው የመኪናውን ቁልፍ ያነሳል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አንቶኒ ዳውንስ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1962 ጽፎታል። ዱራንቶንና ተርነር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካን ከተሞች መረጃ ደምረው አሳዩ። መንገዱ በጨመረ ቁጥር፣ ሰው የሚነዳው ኪሎ ሜትርም በዚያው ልክ ይጨምራል።

እነዚህ ሁሉ ግን ቀላሎቹ ናቸው። ከባዱ ሌላ ነው። ከባዱ ቤት ነው። ቤት! ይህን አስምሩበት።

መንገድ ሲሰፋ ራቅ ያለው መሬት ይፈለጋል። «ከዚህ ተነስቶ በግማሽ ሰዓት ከተማ መግባት ይቻላል» ይባላል። ቤት ሠሪው ይሠራል። ዋጋው ከመሀል ከተማው ይቀንሳል። ልጅ ያለው፣ ገቢው ልክ የሆነ ሰው ወደዚያ ይሄዳል። ዉድብሪጅ የገባነው ለዚያ ነው፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ብዙ የአገራችን ሰው። ጥቂት ዓመት ሲያልፍ ሁሉም እንደኛ አስቦ መጥቶ ግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። አሁን ምን ይደረግ? ቤቱ ተገዝቷል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል። መመለስ የለም። መስመር ማጥበብ ይቻላል፤ የተሠራን ሰፈር ግን አንስቶ ማቅረብ አይቻልም። የዋሽንግተን ዙሪያ መንገድ፣ እነሱ ቤልትዌይ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዙሪያው ተሠርቶ ሲያልቅ 103 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አንዱ ዓላማው አላፊ መንገደኛ ከተማ ሳይገባ እንዲያልፍ ነበር። ዳርና ዳሩ ሰፈርና ቢሮ ሆነና ዛሬ የሠራተኛ መመላለሻ ሆኖ ይዘጋል።

አዲስ አበባንም ተመልከቱ። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የት ተሠራ? ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ። መሬት የተገኘው ዳር ነው። ሥራው ግን የት ቀረ? መሀል። ሜክሲኮ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ቦሌ። ቤት ያላገኘ ሰው ቤት አገኘ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ግን ያ ሰው ቤቱን ያገኘው በየቀኑ ሰልፍ ላይ በሚከፍለው ሰዓት ነው።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አንድ ነገር ልናገር። ልጄ ፊደል የቆጠረችው በስልክ ነው። እኔ አይ-95 ላይ ቆሜ፣ እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ገበታውን ይዛ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ «ሀ» እላለሁ፣ «ሀ» ትላለች። «ሁ» እላለሁ፣ «ሁ» ትላለች። የፊቴ መኪና ትንሽ ሲሄድ አቋርጥና እንደገና እጀምራለሁ። ቤት ስደርስ ተኝታለች። ጠዋት ስወጣም ተኝታለች። አብዛኛውን ፊደል የጨረስነው በዚህ ዓይነት ነው። ሰዎች «ጎበዝ፣ ጊዜህን ተጠቀምክበት» ይሉኛል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። እኔ ያላየሁት የልጄን ፊት ነው። ፊደሏን ስትጠራ አፏ እንዴት እንደሚሆን አላየሁም። መጨናነቅ የሚወስደው ነዳጅ ብቻ አይደለም፣ ወገኖቼ። የሚወስደው ይህንን ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ላይ በረዶ ጥሎ ያው መንገድ ከዉድብሪጅ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ተዘጋ። ብዙ ሰው ከ24 ሰዓት በላይ መኪናው ውስጥ አደረ። የቨርጂኒያ ሴናተር ቲም ኬይን ሳይቀሩ 27 ሰዓት ቆመዋል። ሴናተርም ሁን፣ ጽዳት ሠራተኛም ሁን፣ ከተማው በአንድ መንገድና በግል መኪና ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ሁሉም እኩል ይቆማል።

«ታዲያ መፍትሔ የለም ማለት ነው?» አይደለም! አለ። እዚያው መንገድ ላይ አይቼዋለሁ። ይህን በደንብ ስሙኝ፤ ለጎንደር የምመኘው ነገር እዚህ ውስጥ አለ።

ከዉድብሪጅ አቅጣጫ ወደ ዋሽንግተን በሚያስገባው መንገድ መሀል ላይ የተለየ መስመር አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር ለአውቶብስ ብቻ ነበር። በኋላ 4 ሰው ለያዘ መኪና ተፈቀደ፤ ቆይቶም ወደ 3 ሰው ወረደ። ያኔ ብቻህን ከሆንክ አትገባም ነበር። የኛው መንገድ ቆሞ ሳለ በዚያ መስመር ያለው መኪና ይበር ነበር። ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? መንግሥት ሳያዘው፣ ድርጅት ሳያቋቁም፣ ራሱ ሥርዓት ሠራ። መኪና የሌለው ወይም መንዳት ያልፈለገ ሰው አንድ ቦታ ይሰለፋል። ሁለት ሰው የጎደለው ሹፌር ይመጣል። «ፔንታጎን!» ይላል። የሚሄዱት ሁለቱ ይገባሉ። ገንዘብ የለም። አይተዋወቁም። ስላጊንግ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ።

ሕጉ ደስ ይላል። ተሳፋሪ ሹፌሩ ካላናገረው ዝም ይላል። ፖለቲካና ሃይማኖት አይነሳም። ከሁሉ በላይ የገረመኝ አንዱ ነው። ሰልፉ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትቀር ከሆነ፣ ብቻዋን ትተዋት አትሄዱም። በተለይ ማታ። መንግሥት ያላወጣው፣ ፖሊስ የማይቆጣጠረው ሕግ ነው፤ ሰው ግን ያከብረዋል። እኔ ይህን ሳይ «ይህማ የኛ አገር ሰው ጠባይ ነው» አልኩ። እኛ መንገድ ላይ የቆመን ሰው ጭነን እናውቃለን። ታክሲ ውስጥ የማናውቀውን ሕፃን ጭናችን ላይ አስቀምጠን እናውቃለን። አብሮ መሄድ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ሒሳቡን ላሳያችሁ። አንድ የፍጥነት መንገድ መስመር ሳይዘጋ በሰዓት የሚያሳልፈው 2,000 መኪና ገደማ ነው። መኪናው ውስጥ አንድ አንድ ሰው ካለ 2,000 ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከኮሮና በፊት ከአራት ሠራተኛ ሦስቱ ያህሉ ወደ ሥራ የሚሄደው ብቻውን እየነዳ ነበር። በዚያው መስመር ላይ ግን በየደቂቃው 50 ሰው የጫነ አንድ አውቶብስ ቢያልፍ 3,000 ሰው አለፈ። መስመሩ ደግሞ ገና ባዶ ነው! መንገዱ አልሰፋም። አንድ ሜትር አልተጨመረም። የተለወጠው ማን ይቅደም የሚለው ብቻ ነው።

መኪናው ከደረሰ በኋላም ነገር አለ። ይህን የማቆሚያ ሠራተኛ ከማንም በላይ ያውቀዋል። አንድ ሰው ለ8 ሰዓት ሥራ ሲመጣ፣ መኪናው ለ8 ሰዓት አንድ ክፍል የሚያህል ቦታ ይዞ ይቆማል። ያ ቦታ የመሀል ከተማ መሬት ነው። ሱቅ ሊሆን ይችል ነበር። ቤት ሊሆን ይችል ነበር። ዛፍ ሊሆን ይችል ነበር።

«ገንዘብ እናስከፍል» የሚሉም አሉ። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1975 ጀመረች። ለንደን በ2003 ተከተለች። ስቶክሆልም በ2006 ለሙከራ ጀምራ ወደ መሀል ከተማ የሚገባው መኪና 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። መጀመሪያ ሕዝቡ ተቃውሞ ነበር፤ ካየው በኋላ ግን በድምፅ ደገፈው። ይሠራል። እኛ ጎረቤት ያለው አይ-66 የሚባል መንገድ ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ማስከፈል ሲጀምር፣ ሲጨናነቅ ክፍያው ለአንድ መግቢያ 40 ዶላር የደረሰበት ጠዋት ነበር። ያለው ይከፍላል፤ የሌለው ይዞራል። ስለዚህ ክፍያን ዛሬ ለጎንደር አልመክርም። መጀመሪያ ደኅና አውቶብስ ይኑር። አማራጭ ሳትሰጥ ማስከፈል ድሃውን መቅጣት ነው።

እሺ። ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ወደ ቤታችን።

ጎንደር እንዴት እንደተቀመጠች ታውቃላችሁ። በአንድ በኩል አንገረብ፣ በሌላ በኩል ቀሃ፣ መሀል ላይ ኮረብታ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ሲቆረቁሯት መንገዷ የታሰበው ለእግርና ለበቅሎ ነው። ፒያሳን ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ሠራው፤ ያኔም መኪናው በጣት የሚቆጠር ነበር። መሀሏ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ አለ። ግንቡን ገፍተን መንገድ እናሰፋለን? አንችልም። አይገባምም። ስለዚህ የጎንደር መሀል ከዚህ በላይ መኪና መሸከም አይችልም። ይህ አስተያየት አይደለም፤ መሬቱ ራሱ የሚናገረው ነው።

ከተማዋ የምታድገው ወዴት ነው? ወደ አዘዞ። አየር ማረፊያው እዚያ ነው። የባሕር ዳሩም የመተማውም መንገድ እዚያ ነው የሚገናኙት። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ መንገድ የከተማዋ አከርካሪ ነው። ሠራተኛው በሱ ነው። ተማሪው በሱ ነው። እህል የጫነው ሲኖትራክ በሱ ነው። ከቆላ ድባ፣ ከማክሰኝት ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ወላድና ሕመምተኛ በሱ ነው። አሁን ጥያቄዬን ስሙ። ዛሬ መኪና የሌለው ሰው ከ15 ዓመት በኋላ መኪና ቢገዛና ሁሉም ብቻውን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቢወጣ፣ ያ አንድ መንገድ ምን ይሆናል? አምቡላንሱስ በየት ያልፋል?

«መኪና አትግዙ» እያልኩ አይደለም። ሰው ሠርቶ መኪና ቢገዛ ደስታዬ ነው። ለዝናብ፣ ለሕመምተኛ፣ ለገጠር መንገድ መኪና ያስፈልጋል። «ኤሌክትሪክ መኪና ይፈታዋል» የሚሉም አሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ ጭሱን ይቀንሳል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ መኪናም አራት ጎማ አለው፤ ያንኑ ቦታ ይይዛል። ሰልፍ ላይ ሲቆም የሚለየው ድምፁ ብቻ ነው።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። የአዘዞ መንገድ ላይ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት በየአቅጣጫው አንድ መስመር ለአውቶብስና ለሚኒባስ ይለይ። ዛሬ! መስመሩን የሚፈልገው የቤት መኪና ሳይበዛ። ዛሬ ብናደርገው የሚቆጣ ሰው ጥቂት ነው። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ማንም ከንቲባ አይደፍረውም። 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ ማለት 12 መኪና መንገድ ላይ አልወጣም ማለት ነው። 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ አንድ ሰው ከጫነ መኪና ኋላ ለምን ይቆማል?

ሹፌሮች፣ አሁን ወደናንተ ነኝ። «ሚኒባስ በየቦታው ይቆማል፣ መንገድ የሚዘጋው እሱ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ሹፌር በየቦታው የሚቆመው እንጀራው በሰው ቁጥር ስለሆነ ነው። አንድ ሰው እጁን ካነሳ ያ ሰው የልጁ ዳቦ ነው። ተሽቀዳድሞ ይቆማል፤ ምን ያድርግ? ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ የምትባል ከተማ ልክ እንዲህ ነበረች። አውቶብሶች ለተሳፋሪ መንገድ ላይ ይሻሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ትራንስሚሌኒዮ የሚባል የአውቶብስ ሥርዓት ከፈቱ። የተለየ መስመር፣ የታወቀ ፌርማታ። ዋናው ግን ክፍያው ነው። የአውቶብሱ ድርጅት የሚከፈለው በጫነው ሰው ሳይሆን በሄደበት ኪሎ ሜትር ሆነ። ከዚያ መሻማቱ ጥቅም አጣ። ሥርዓቱ የራሱ ችግር አለው፤ ዛሬ በጣም ይጨናነቃል። ያንን ሐሳብ ግን እናንተ በማኅበራችሁ ልትነጋገሩበት ትችላላችሁ። ሹፌሩን ሳይዙ የሚወጣ ዕቅድ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሌላው፣ ሥራውንና ቤቱን አናራርቅ። አዘዞ ላይ ቤት የሚሠራ ከሆነ እዚያው ክሊኒክ ይሠራ። ትምህርት ቤት ይሠራ። ገበያ ይሠራ። የመንግሥት ጉዳይ የሚጨርስ ቢሮም ይከፈት። እናቴ ለሽንኩርት ጎንደር መውጣት የለባትም! አዘዞ ላይ ጉዳዩን የሚጨርስ ሰው መንገዱን ለሚያስፈልገው ሰው ለቀቀ ማለት ነው። ከሁሉም ርካሹ የመንገድ ማስፋፊያ ይህ ነው።

እግረኛውንም አትርሱ። ዛሬም አብዛኛው ጎንደሬ የሚሄደው በእግሩ ነው። ጥላ ያለው፣ ዕቃ ያልተደረደረበት፣ ጭቃ የሌለው የእግር መንገድ ይገባዋል። ጥር 10ን አስቡ። ታቦታቱ ከየአድባራቱ ተነስተው ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ያንን ሕዝብ አይታችኋል። ከመላው ዓለም እንግዳ ይመጣል። መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፤ ሰዉ በሙሉ በዚያችው ጠባብ መንገድ እየዘመረ ይደርሳል። ያ ሁሉ ሰው በመኪና ልምጣ ቢል ስንቱ ይደርስ ነበር? ጠባብ መንገድ ብዙ ሰው ማሳለፍ እንደሚችል ጎንደር በየዓመቱ ለዓለም ታሳያለች። በበዓል ቀን የምናውቀውን በሥራ ቀን ለምን እንረሳዋለን?

«እኛ ተናግረን ማን ይሰማናል?» የሚል አለ፤ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። የዋሽንግተን ሰዎችንም ማንም አይሰማቸውም ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ መሀል ከተማውን ሰንጥቀው የሚያልፉ የፍጥነት መንገዶች ታቅደው ነበር። ብዙ የጥቁሮች ሰፈር ሊፈርስ ነበር። ነዋሪው፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ተሰብስቦ እምቢ አለ። ስብሰባ ሞላ። ፍርድ ቤት ሄደ። ከመንገዶቹ ብዙዎቹ ቀሩ። የገንዘቡም ትልቅ ክፍል ወደ ምድር ባቡር ዞረ። ያ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬም ሰው ያመላልሳል። ባቡሩን ያስቀደሙት የሰፈር እናቶችና አባቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና ተማሪዎች ናቸው። እንደናንተ ያሉ ሰዎች።

ስለዚህ የመንገድ ወይም የመሬት ዕቅድ ለውይይት ሲቀርብ ሂዱ። «ስፋቱ ስንት ሜትር ነው?» ብላችሁ አትመለሱ። «በሰዓት ስንት ሰው ያሳልፋል? አውቶብሱ በየት ይሄዳል? እግረኛው በየት ይሄዳል? አምቡላንሱ በየት ያልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ይስጧችሁ። ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ቁጠሩልን። ጠዋት ጠዋት አዘዞ መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪናና ውስጡ ያለውን ሰው ቁጠሩ። መሥሪያ ቤት ደጃፍ ስትሄዱ ከስሜት ይልቅ ያ ወረቀት ይረዳችኋል። ቅጹን እኔ አዘጋጅቼ መጥቻለሁ፤ ስትወጡ በሩ ላይ ታገኙታላችሁ።

አሁን ጥያቄ እንቀበል። ማይኩን መጀመሪያ ለሹፌሮቹ ስጡልኝ፤ ወደ ሥራ የሚቸኩሉ እነሱ ናቸው።